በደብረ ብርሃን ብርድ የጋለ ማሽን

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ ማሽኑን እንዳልነካ ነበር። የተቀጠርኩት ደግሞ ማሽኑን እንድነካ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ታይፕ ተምሬ፣ ጣቶቿ ፈጣን ናቸው ተብዬ ነው በኮምፒዩተር ኦፕሬተርነት የገባሁት። ሥራ አስኪያጃችን ጓድ ክፍሌ ግን በር ላይ አስቆሙኝ።

«ጓድ ስንዱ፣ ይህ ማሽን ገና አልተመረቀም።»

«ታዲያ እኔ ምን ልሥራ?»

«ተመልከቺው።»

ተመለከትኩት። እስከ ምሳ ተመለከትኩት። ከምሳ በኋላም ተመልሼ ተመለከትኩት። እኔ ቁጭ ብዬ ማየት የማልችል ሰው ነኝ፤ እናቴ «አንቺን የወለድኩሽ ገበያ መሐል ይመስለኛል» ትለኝ ነበር። ወደ ማታ ላይ ጓድ ክፍሌ ብቅ ብለው «እንዴት ነው ሥራው?» አሉኝ። «ከባድ ነው» አልኳቸው። ደስ አላቸው።

ገና ሠላሳ ሳይሞላኝ የሥራ ዘመን ትዝታ መጻፌ ያስቃችሁ ይሆናል። ሳቁ። ግን አሁን በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ የምትቀመጡ ልጆች እየመጣችሁ «ማሽኑ ይግላል፣ ይጠፋል፣ ምን እናድርግ?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ለእያንዳንዳችሁ ከመናገር አንድ ጊዜ መጻፍ ይሻላል።

መሥሪያ ቤታችን የበግና የሱፍ ልማት ፕሮጀክት ነበር። ሥራው ከጣርማ በር እስከ አንኮበር ባለው ደጋ ያለውን በግ መመዝገብና ሱፉን መሰብሰብ ነው። በጎቹ በሳይንስ እንዲታወቁ ከአንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር ኮምፒዩተር ተላከልን። አንድ ብቻ። በከተማው ሌላ ስለመኖሩ አልሰማሁም። ማሽኑ አማርኛ ስለማያውቅ የሸዋ በግ ሁሉ በላቲን ፊደል ሊጻፍ ሆነ።

ለማታውቁት ማሽኑን ላስተዋውቃችሁ። ከታች እንደ ትልቅ ሻንጣ የተጋደመ የብረት ሣጥን አለ፤ ዋናው ማሽን እሱ ነው። ስክሪኑ ከሣጥኑ ላይ ይቀመጣል። ሣጥኑ ከፊቱ ቀጫጭን ቀዳዳዎች፣ ከኋላው ማራገቢያ አለው። በፊት ቀዝቃዛ አየር ይስባል፣ በኋላ ትኩሱን ያስወጣል። ማሽን የሚተነፍሰው እንዲህ ነው። በግድግዳው ሶኬትና በማሽኑ መካከል ደግሞ እስታብላይዘር የሚባል ከባድ ሣጥን አለ፤ መብራቱ ከፍ ዝቅ ሲል «ቷ» ብሎ ያስተካክላል። እስታብላይዘሩን ጠዋት የሚያበሩት፣ ማታ የሚያጠፉት ዘበኛችን ጋሽ ደምሴ ነበሩ። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ይመጣል።

ከማሽኑ ጋር አንድ ፈረንጅ አሠልጣኝ አብሮ መጥቶ ነበር፤ የሚናገረው በአስተርጓሚ ነው። በመጀመሪያው ቀን ክፍሉ ውስጥ እንደገባ መስኮቱን ብርግድ አደረገው። በሩንም ከፍቶ በድንጋይ አስደገፈው። ወሩ ኅዳር ነው። የደብረ ብርሃን ኅዳር ደግሞ ለጠላትም አይመኙትም።

የንብረት ክፍሉ ሰይድ የአልዩ አምባ ልጅ ነው፤ ቆላ ተወልዶ ደጋ የተቀጠረ፣ ዓመቱን ሙሉ ሁለት ሹራብ የሚደርብ ሰው። «ወላሂ፣ ይኼ ሰውዬ ሊያሠለጥነን አይደለም የተላከው፤ ሊጨርሰን ነው» አለ።

ሁላችንም እንደዚያው ነበር ያሰብነው። በርና መስኮት ባንድ ላይ ተከፍቶ በመካከሉ የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚሆን ማንም ያውቃል። ነፋሱ ባንድ ጎን ገብቶ ጎኑን ይወጋዋል፤ ሲብስም አፉን ያጣምመዋል። አስተርጓሚው «ማሽኑ አየር ይፈልጋል ይላል» ሲለን ሰይድ «እኛስ ምን እንፈልጋለን ይላል?» ብሎ ጠየቀ። አስተርጓሚው ይህን አልተረጎመም።

በዚያ ሳምንት የሚነካው ፈረንጁ ብቻ ነበር፤ ማሽኑም አንድ ቀን እንኳ አልታመመም። ከሁላችን የተደሰቱት ጋሽ ደምሴ ነበሩ። የጣርማ በር ሰው ናቸው፤ የመኪና መንገዱ ዋሻ አፍ ላይ በግ ሲያግዱ ነው ያደጉት፣ ሆኖም ብርድን አልለመዱትም። ከማራገቢያው በኩል ትኩስ ነፋስ እንደሚወጣ የደረሱበት ቀን ዱካቸውን ከማሽኑ ጀርባ አመጡ። ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። «ይችስ የተባረከች ናት፤ ጭስ የላት፣ አመድ የላት» ይሉ ነበር።

ፈረንጁ በሄደ ዕለት፣ መኪናው ከግቢ እንደወጣ፣ መስኮቱ ተዘጋ። ጋሽ ደምሴ በዱቄት ሙጫ ዙሪያውን ጋዜጣ ለጠፉበት። መርፌ የሚያስገባ ቀዳዳ አልቀረም። ጓድ ክፍሌ እንኳ መጥተው በእጃቸው ዳሰሱና «አሁን ክፍል መሰለ» አሉ።

ከዚያ ምረቃ ሆነ።

ሬዲዮ ራቁቱን የሚቀመጥበት ቤት ባለቤቲቱን እንደሚያሳማ ታውቃላችሁ። ሬዲዮ ዳንቴል ከለበሰ፣ ሳሎን ዳንቴል ከለበሰ፣ ኮምፒዩተር እንዴት ራቁቱን ይመረቃል? ጓድ ክፍሌ ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺእመቤት የሠሩትን ዳንቴል ይዘው መጡ። እጅሽ ይባረክ የሚያሰኝ ሥራ ነበር፤ እውነቱን መደበቅ አልችልም። ዙሪያው ነጭ ጥልፍልፍ፣ መካከሉ ላይ በቢጫ ክር ኮከብ፣ ከኮከቡ በታች መዶሻና ማጭድ። ክሩ ደምቆ እንዲታይ ደግሞ ከሥሩ ወፍራም ቀይ ከፋይ ገበር ተደርጎበታል።

ስክሪኑን ሁለት ሰው አነሳ። ዳንቴሉ በብረቱ ሣጥን ላይ ተዘረጋ፤ በአራቱም ጎን እስከ ጠረጴዛው ወረደ። ስክሪኑ ተመልሶ ከላይ ተቀመጠ። ማሽኑ ሙሽራ መሰለ። ተጨበጨበ። ጓድ ክፍሌ ረጅም ንግግር አደረጉ፤ በንግግሩ ውስጥ በጎቹ አንድ ጊዜ ብቻ ተጠሩ።

በማግስቱ በመጨረሻ እንድነካው ተፈቀደልኝ። የጣርማ በር በጎችን መጻፍ ጀመርኩ። የረፋዱ ሻይ ሳይደርስ በስክሪኑ ላይ ያሉት ፊደሎች ደረቁ። ኪቦርዱን ብመታው አይሰማም። ጥቂት ቆይቶ ጭልም አለ። ዲስኬት ላይ ያልተቀመጠው ሁሉ ጠፋ።

«በጎቹስ?» አለኝ ሰይድ።

«ጠፉ።»

«ቀን ላይ የገባ ጅብ ዛሬ ገና አየሁ።»

ሣጥኑን በጎን በኩል በእጄ ነካሁት፤ ፈጀኝ። «ጓድ፣ ማሽኑ ግሏል» ብዬ ጓድ ክፍሌ ዘንድ ሄድኩ። ቢሮው ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እነሱም ወደው አይደለም። ሰው ካፖርት ለብሶ ሲጽፍ ጣቱ የሚቆረፍድበት አገር ነው፤ ማሽን ጋለ ቢባል ማን ያምናል? ሰይድማ «አንቺ ልጅ፣ እዚህ አገር የጋለ ነገር ካገኘሽ ለብቻሽ አትያዢው፤ መጥተን እንሙቅ» አለኝ።

ስለዚህ ሌላ ምክንያት ተፈለገ። መጀመሪያ መብራት ነው ተባለ፤ ሶኬት ቀየርን። አልሆነም። ዲስኬቱ ነው ተባለ፤ ካርቶኑ ያልተከፈተ አዲስ ዲስኬት ከሰይድ አወጣሁ። አልሆነም። በመጨረሻ ጓድ ክፍሌ ራሳቸው መረመሩትና «ብርድ መቶታል» አሉ። ከቢሯቸው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አስመጥተው ከማሽኑ እግር ሥር አኖሩለት። ለሰው ያልተፈቀደ ማሞቂያ ነው። ማሽኑ ያን ቀን እኔ ኮቴን አውልቄ ሳልጨርስ ጠፋ።

እኔም የምችለውን አደረግሁ። የስክሪኑን ብርሃን ቀነስኩ። ስጽፍ ፕሪንተሩን ነቅዬ፣ ሳትም ብቻ እሰካለሁ። አንድ ገጽ በጻፍኩ ቁጥር ዲስኬት ላይ አስቀምጣለሁ። ትንሽ አሠራዋለሁ፣ ብዙ አሳርፈዋለሁ። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ የዕረፍት ሰዓቱ በትክክል የተከበረለት ሠራተኛ እሱ ብቻ ነበር።

አንድ ጠዋት ማሽኑን ላሳርፍ ስል ጋሽ ደምሴ ከጀርባው ተቀምጠው እጃቸውን ዘርግተዋል፤ ፊታቸው ግን ከፍቶታል።

«ምነው ጋሼ?»

«ነፈገችኝ፣ ልጄ። ፈረንጁ እያለ እንዴት ታሞቀኝ ነበር! ከተመረቀች ወዲህ እፍም አትል። ሰውም ማሽንም ሲሾም ይለወጣል።»

ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቄ ቆመ። ተነሥቼ ከኋላ ዞርኩና የዳንቴሉን ጫፍ ገለጥኩ። እንደ ምድጃ አፍ ፊቴን መታኝ። ማራገቢያው ትኩሱን አየር ሲተፋ ከፋዩ ተቀብሎ ይመልስለታል፤ ያው አየር ዞሮ በፊት ይገባል። ማሽኑ የሚተነፍሰው የራሱን ትንፋሽ ነው። ሰውን በብርድ ልብስ ተጠቅልለህ ሩጥ እንደማለት።

የኋላውን ጨርቅ ጠቅልዬ ከስክሪኑ ሥር ወሸቅሁት። ማሽኑ እስከ ምሳ ሠራ። ጋሽ ደምሴ «ታረቀችኝ!» አሉ።

ከምሳ ስመለስ ጓድ ክፍሌ ከማሽኑ ፊት ቆመዋል።

«ዓርማ ያለበትን ጨርቅ እንደ ቀሚስ የገለበው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። አላስተነፍስ አለው።»

«ምኑ?»

«ዳንቴሉ።»

የተጠቀለለውን ጫፍ በጣታቸው ጠቆሙ። ሰይድ በበሩ በኩል ያልፍ ነበር፤ ሳያልፍ ተመለሰ።

«ጓድ ስንዱ፣ ይህ ዳንቴል የዚህን መሥሪያ ቤት የፖለቲካ ንቃት ያሳያል። የተሠራውም በባለቤቴ እጅ ነው። ንቃት አየር ይከለክላል ነው የምትዪኝ?»

«እኔ ያልኩት ከፋዩ...»

«ሁለተኛ እንዳይነካ!»

ጨርቁን በእጃቸው መልሰው አወረዱት፤ ጫፉንም በመዳፋቸው አስተካከሉት። ማሽኑ ሳይመሽ ጠፋ።

እስከዚህ ድረስ ያስቃል። ከዚህ በኋላ ግን ነገሩ መልኩን ለወጠ። ከላይ ጎብኚዎች እንደሚመጡ ተነገረ፤ ማሽኑም የደጋውን በግ ዝርዝር በፊታቸው እንዲያትም ታዘዘ። ጓድ ክፍሌ እንቅልፍ አጡ። ከአዲስ አበባ አንድ ቴክኒሻን አስመጡ፤ አቶ ሀብቴ ይባላል። ካቻቢቴውን ከኪሱ ሳያወጣ ከኋላ ዞረ፣ ዳንቴሉን ገለጠ፣ እጁን አስገባ። ከዚያ ከስክሪኑ ሥር ብቅ ያለውን የኮከቡን ጫፍ አየ። ጨርቁን እንደ ነበረ መልሶ አወረደና እጁን በመሐረብ ጠረገ።

ኮሪደር ላይ ያዝኩት።

«አይተውታል አይደል?»

«አይቻለሁ፣ እህቴ። አንቺም አውቀሽዋል።»

«ታዲያ ይንገሯቸው! እኔን አልሰሙኝም፤ እርስዎን ይሰማሉ።»

«እኔ የመጣሁት ለአንድ ቀን ነው» አለኝ። «ለአንድ ቀን መጥቼ ዓመት አልታሰርም።»

ጓድ ክፍሌ ቢሮ ገብቶ «የቮልቴጅ መዋዠቅ ነው» አለና በመኪናው ሄደ። ማንንም የማይነካ ቃል መርጦ ነበር፤ ቮልቴጅ ዘመድ የለው፣ ቀበሌ የለው። የረሳው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያዙልኝ ያልኳችሁ እዚህ ጋ ነው። ቮልቴጁን የሚጠብቀው እስታብላይዘር ነው፤ እስታብላይዘሩን የሚያበሩት የሚያጠፉት ደግሞ ጋሽ ደምሴ።

በማግስቱ ጠዋት ጓድ ክፍሌ ጋሽ ደምሴን በር ላይ «ደኅና አደሩ፣ ጓድ ደምሴ» አሏቸው። በመሥሪያ ቤታችን ጋሽ ደምሴ «ጓድ» የተባሉበት ቀን የለም። ሽማግሌው ራሳቸው ግራ ገብቷቸው ወደ ኋላቸው ዞረው አዩ፤ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏቸው።

ረፋዱ ላይ ቃሉ ወጣ፦ አሻጥር። ለማታስታውሱት፣ በዚያን ጊዜ አንድ ዕቃ ተበላሸ በማለትና አንድ ዕቃ በአሻጥር ተበላሸ በማለት መካከል ያለው ርቀት ከርቸሌ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ተጠራ። ጓድ ደምሴ ግለ ሂስ ያደርጋሉ፤ ከአውራጃ አንድ ካድሬ ይገኛል፤ ከስብሰባው በኋላ ይወስዳቸዋል ወይም አይወስዳቸውም።

«እነሣና እናገራለሁ» አልኩት ሰይድን። «ዳንቴሉ ነው፣ የሚስትዎ ዳንቴል ነው እላለሁ።»

«ተናግረሽ አልነበር?»

«አሁን በሰው ፊት እናገራለኋ!»

«በሰው ፊት ሲሆን ደግሞ አሻጥረኛው ሁለት ይሆናል፤ እሳቸውና አንቺ። አየሽ፣ ስንዱ፣ ያንቺ አፍ ራቁቱን ነው የሚዞረው። እስቲ ለአንድ ቀን ዳንቴል አልብሺው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እሰድበው ነበር። ያን ቀን ግን ማሽኑ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁና ዳንቴሉን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ዳንቴል አየሁት።

ዓርብ አዳራሹ ሞላ። ካድሬው ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ጓድ ክፍሌ አጠገብ ተቀምጦ ብዕሩን ጠረጴዛ ላይ አጋድሞታል። ጋሽ ደምሴ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ።

«ጓድ ደምሴ፣ ጥፋትዎን ለጓዶች ይናገሩ።»

ሽማግሌው አሰቡ። ጥፋት እንዲያመጡ ታዘዋል፤ ታዛዥ ሰው ናቸው፣ ባዶ እጃቸውን መመለስ አልፈለጉም።

«የመንግሥትን ሙቀት ያለ ፈቃድ ሞቄአለሁ» አሉ።

አንዱን ሳቅ አነቀው። ሰይድ ፊቱን በሹራቡ ውስጥ ቀበረ። ካድሬው ግን አልሳቀም። «ይብራራ» አለ።

«ከማሽኒቱ ጀርባ እቀመጥ ነበር፣ ጌታዬ... ጓድ። ትኩስ ትንፋሽ አላት። መዳፌን አሞቅ ነበር። በኋላ ግን እሷው ከለከለችኝ።»

«እስታብላይዘሩን የሚያጠፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

ካድሬው ብዕሩን አነሣ። እኔም ተነሣሁ። ወንበሬ ወደቀ፤ ጸጥ ብዬ መነሣት አልችልም።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አልኩ። «ስክሪኑ የተቀመጠው ምን ላይ ነው?»

ጓድ ክፍሌ ፊታቸውን አጨማደዱ። «ጠረጴዛ ላይ ነዋ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«ጠረጴዛው ላይ ያለው ሣጥኑ ነው። ስክሪኑ ያለው ዳንቴሉ ላይ ነው። ዳንቴሉ መካከል ላይ ደግሞ ኮከቡ፣ መዶሻውና ማጭዱ አሉ። እኔ ኦፕሬተር ነኝ፣ ብዙ አላውቅም። ግን የወዳጅ አገር ዕቃም ቢሆን፣ ዕቃ በላብ አደሩ ዓርማ ላይ እንደ ዱካ ይቀመጥበታል ወይ?»

የካድሬው ራስ ቀስ ብሎ ወደ ጓድ ክፍሌ ዞረ። የጓድ ክፍሌ ፊት ከአዳራሹ ግድግዳ ጋር አንድ ቀለም ሆነ።

እዚህ ላይ ያላሰብኩት ነገር ገጠመኝ። እኔ የፈለግሁት አንድ ጨርቅ እንዲነሣ ነበር። አሁን ግን ለጋሽ ደምሴ የተዘጋጀው ገመድ ሌላ አንገት ሲፈልግ በዓይኔ አየሁት። ብዕሩ ወረቀቱን ሊነካ ምንም አልቀረው። ጓድ ክፍሌን አልወዳቸውም፤ ገመዱን ግን ከሳቸው ይበልጥ አልወደውም።

«ጥፋት ነው አላልኩም!» ብዬ ቀጠልኩ፤ ድምፄ ከሚገባው በላይ ጮኸ። «ለዓርማው ያነሰው ቦታው ነው። ጎብኚ ሲገባ ፊት ለፊት በሚታይበት ግድግዳ ላይ ይሰቀል ነው የምለው።»

«እደግፋለሁ!» አለ ሰይድ፤ እጁ ከኔ ቃል ቀድሞ ወጥቶ ነበር። ከዚያ የሁሉም እጅ ወጣ። ጋሽ ደምሴም የሚደገፈው ምን እንደሆነ ሳያውቁ ኮፍያቸውን ይዘው እጃቸውን አወጡ።

ጓድ ክፍሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይህን ጉዳይ ራሴ በዚህ ስብሰባ ላነሣው አስቤ ነበር» አሉ። ካድሬው ጥቂት አሰበና ብዕሩን መልሶ አጋደመው።

በዚያው ሰዓት ሁላችንም ወደ ማሽኑ ክፍል ሄድን። ስክሪኑ ተነሣ። ዳንቴሉ በአራት ሰው ተይዞ ወደ ግድግዳው ሄደ። ሁሉም እሱን ቀና አድርጎ ለመስቀል «ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ» ሲል እኔ ሣጥኑን ብቻዬን ከፈትኩት። በማራገቢያው ዙሪያ ጫጩት የሚያህል የሱፍ ብናኝ ተጠቅልሎ ነበር፤ የበግ መሥሪያ ቤት አይደለን? በቀለም ብሩሽ ጠራርጌ፣ ብሎኑን አሥሬ ለኮስኩት። ማሽኑ ሠራ። ሲመሽም ይሠራ ነበር።

ካድሬው ያለ ጋሽ ደምሴ ተመለሰ። ጉዳያቸው ግን እንዲሁ አልተዘጋም፤ የመንግሥትን ሙቀት ያለ ፈቃድ ለግል ጥቅም በማዋላቸው የቃል ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ቆይተው «ፈቃዱን የሚሰጠው ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «እኔ ነኝ» አልኳቸው። ዱካቸውን አመጡ።

ጎብኚዎቹ መጡ። ማሽኑ ከደጋው በግ አንድ ሳይጎድል እያንጫጫ አተመላቸው። ዋናው እንግዳ ግን ማሽኑን አላየም፤ ግድግዳውን ሲመለከት ቆይቶ «ይህን የሠራ ማን ነው?» አለ። ጓድ ክፍሌ ስለ ትክክለኛ አመራር ተናገሩ። ማሽኑ በትክክለኛ አመራር ከቴክኒክ ችግር መውጣቱንም ጨምረው ገለጹ። እኔ ወረቀት እቀድ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ወይዘሮ የሺእመቤት ለባላቸው ምሳ ይዘው መጥተው ማሽኑ ክፍል ብቅ አሉ። ቆመው ዳንቴላቸውን አዩት። ጫፉን በጣታቸው ዳሰሱና ተነፈሱ።

«እሰይ፣ ከዚያ ብረት ላይ ተነሣልኝ» አሉ። «ክረምቱን ሙሉ ለሬዲዮናችን ብዬ የሠራሁት ነው። እሱ ነው የወሰደው። ብረቱ አግሎ ከፋዬን ሊያሳርርብኝ ነው እያልኩ ስንት ቀን ነገርኩት! ለምን አልተነሣም ስለው 'ሠራተኞቹ ወደውታል፣ አላስነሣ አሉኝ' ይለኛል።»

ወደ ኪቦርዱ ዞሬ አንዱን በግ ሁለት ጊዜ ጻፍኩት።

መስኮቱን ግን አላሸነፍኩም። ሥራ ሲበዛ ማሽኑ አሁንም ስለሚግል እንክፈተው አልኩ። ስለ ዓርማ ደፍሬ የተናገርኩ ሰው ስለ መስኮት ስናገር የሚሰማኝ አጣሁ፤ ጋሽ ደምሴ እንኳ «ልጄ፣ ለማሽን ብለሽ ሰው አታስመቺ» አሉኝ። በመጨረሻ ሌሎቹ ምሳ ሲወጡ ጋዜጣውን ቀድጄ ብቻዬን እከፍተው ጀመር። በሳምንቱ ጉንፋን ጣለኝ። ሊጠይቁኝ የመጡት ሁሉ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጠው «ነግረንሽ ነበር» ከሚለው በቀር ሌላ ቃል አልነበራቸውም።

ደርግ ሲወድቅ ዳንቴሉ ከግድግዳው ጠፋ። ማን እንዳወረደው አላውቅም። ቦታው ላይ አራት ማዕዘን ንጹሕ ቀለም ቀረ። ጋሽ ደምሴ ከዚያ በፊት ጡረታ ወጥተው ጣርማ በር ገብተው ነበር።

ባለፈው ዓመት አረርቲ ለሥራ ላኩኝ፤ አዲስ ኮምፒዩተር ገብቶላቸው እየጠፋ አስቸግሯል። ምንጃር ሞቃት አገር ነው፤ የአየር ጠባዩ ይሆናል ብለው ደምድመዋል። ማሽኑ ነጭ ዳንቴል ለብሷል። መካከሉ ላይ እርግብ ተጠልፋለች፤ ከሥሯ «ሰላም» ይላል።

«ማን ሠራው?» አልኩ።

«የሊቀመንበራችን እህት» አሉኝ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ካቻቢቴዬን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

«በጣም ያምራል» አልኳቸው። «ባዶ ግድግዳ አላችሁ?»

ማሽን ሲግል መጀመሪያ የለበሰውን አውልቁለት። ከዚያ ማራገቢያውን ጥረጉ። ቮልቴጅ የሚባለውን ነገር በመጨረሻ እዩት፤ ቮልቴጅ ነው ከማለታችሁ በፊት ደግሞ እስታብላይዘሩን የሚያበራው ሰው ማን እንደሆነ ጠይቁ።